የጋሼ ሙዐዊያ ጆሮና የመምህሩ ቤዝ ጊታር

ቤት ተከራይቶ የኖረ ሰው፣ ሁሉን ሰሚ አከራይ ሳይገጥመው አይቀርም። ሽንኩርት ሲከተፍ ስንት ራስ እንደሆነ ከድምፁ ይቆጥራል፤ እንግዳ ጫማውን ሲያወልቅ ያድር እንደሆነ ያውቃል። ሸዋ ሮቢት ውስጥ የዚህ ወገን ሊቀ መንበር፣ ክቡር የግቢው ጆሮ፣ ጋሼ ሙዐዊያ ናቸው።

ጋሼ ሙዐዊያ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሽንኩርት ገበሬዎችን የውሃ ሞተር ሲጠግኑ የኖሩ መካኒክ ናቸው። ከሮቢ ወንዝ ዳር እስከ ካራቆሬ ያላዳመጡት ሞተር የለም። ማዳመጣቸውም እንደ ሐኪም ነበር። የረጅሙን ካቻቢቴ ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሯቸው ሥር ይደግኑና ዓይናቸውን ጨፍነው "ኩሽኔታው አልቋል" ወይም "አየር ስቧል" ብለው ይፈርዳሉ። ባለ ሞተሩ ሊከራከር ከሞከረ መልሳቸው አንድ ነው፦ "ድምፅ አይዋሽም!"

ጉልበታቸው እምቢ ካለ ወዲህ ችሎቱ ወደ ቤታቸው በረንዳ ተዛውሯል። በዚያ ሙቀት ማን ቤት ውስጥ ይተኛል? የብረት አልጋቸው በረንዳው ላይ ወጥቷል፤ ካቻቢቴው ትራስ ሥር ነው። ነርሷ ተከራይ ፌቨን ፍሪጅዋ በቋፍ ላይ መሆኑን የሰማችው ከእሳቸው ነው። እጃቸውን ጫን አድርገውበት "ሦስት ቀን ቢቆይ ነው" አሏት። በሦስተኛው ቀን ሞተ። ለቅሶ የደረሷትም እሳቸው ብቻ ናቸው።

ከእኚህ ሰው በረንዳ ጎን ያለውን ክፍል የተከራየው መምህር አሰግድ ነው። ከደብረ ማርቆስ ተመድቦ የመጣ የፊዚክስ መምህር ሲሆን፣ ንብረቱ አንድ ፍራሽ፣ አንድ የቆርቆሮ ሳጥን፣ አንድ ቤዝ ጊታርና በእግር የሚረገጥ አንድ ኢፌክት ነው። ኢፌክቱ ድምፁን ያወፍራል፣ ያሳምራል እንጂ ብቻውን ትንፍሽ አይልም፤ ማጉያ ወይም የጆሮ ማዳመጫ ይፈልጋል። አሰግድም የዳቦ ቁራሽ የምታክል ትንሽ ማጉያ ነበረችው። እሁድ የሥራ ባልደረባው የጸደንያ ሠርግ ነው። የመምህራኑ ቡድን ይጫወታል፤ ከእሱ ሌላ ቤዝ የሚነካ ሰው የለም። እሱ ደግሞ ከዘፈኖቹ ሦስቱን ጨርሶ አያውቃቸውም።

ሰኞ ከመግሪብ ሶላት በኋላ ማጉያዋን ወለሉ ላይ አስቀመጠ፤ ድምፁን ለራሱ ለመስማት እስኪያዳግተው ድረስ ቀነሰና ወፍራሙን ክር ነካ።

"ሞተር አጥፉ!" የሚል ጩኸት ከበረንዳው መጣ። "አየር ስቧል! ሊቃጠል ነው!"

"ጋሼ፣ ሞተር አይደለም፤ ጊታር ነው!" አለ አሰግድ በመስኮቱ።

"አጥፉ አልኩ! ድምፅ አይዋሽም!"

ማክሰኞ ማጉያዋን የቆርቆሮ ሳጥኑ ውስጥ፣ ከልብሶቹ መካከል ቀበራት፤ ብርድ ልብስም ደረበባት። መላ ያገኘ መስሎት ነበር። ሳጥኑ ግን በየምቱ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ጋሼ ሙዐዊያ ያንን እምቢ ያለ ጉልበት ይዘው ተነሡ፤ በሩ ላይ ቆሙ።

"አሁን ደግሞ ቡሎኑ ላልቷል። ስማ መምህር፣ ወላሂ ነገ ይህን ነገር ከሰማሁ፣ ሐሙስ ጠዋት ዕቃህን ታወጣለህ።"

አሰግድ አልጫወትም አላቸው። ይቺን ክፍል ለማግኘት ሁለት ወር ሙሉ ሰው ቤት ወለል ላይ ተኝቷል። አሁን ወጥቶ የት ይገባል? ሠርጉን ትቶስ ጸደንያን በምን ዓይኑ ያያታል?

ረቡዕ የመጨረሻ መላውን አወጣ። ማጉያዋን ነቀለና ከትምህርት ቤት የተዋሰውን ትልቅ የጆሮ ማዳመጫ ቀጥታ ኢፌክቱ ላይ ሰካ። ላቡ በጆሮው ሥር ይንቆረቆራል፤ ክፍሉ ውስጥ ግን የክር ጭረት እንጂ ሌላ የሚሰማ ነገር የለም። የመጀመሪያውን ዘፈን ያዘ። ሁለተኛውንም ያዘ። ደስ አለው፤ ዓይኑን ጨፍኖ ሦስተኛውን ጀመረ።

ዓይኑን ሲገልጥ ጋሼ ሙዐዊያ ካቻቢቴ ይዘው ከፊቱ ቆመዋል።

ማዳመጫውን ከጆሮው ላይ አወረደ። "ድምፅ የለም እኮ ጋሼ! ምንም ድምፅ የለም!"

"ታዲያ የሚደልቀው ምንድነው?" አሉ አፍ አፉን እያዩ።

አሰግድ ወደ ታች አየ። ባዶ ተረከዙ ወለሉን ሲመታ አምሽቷል። ምት የሚቆጥር ሰው እግሩን ያዝዘዋል እንዴ? በቃ፣ ክፍሉ ሄደ አለ በልቡ። ከሄደ አይቀር ብሎም ማጉያዋን አውጥቶ ሰካ።

"እሺ እወጣለሁ፣ ጋሼ። ግን አንድ ጊዜ በወግ ሰምተው ይፍረዱብኝ።"

ጋሼ ሙዐዊያ እያቃሰቱ ሳጥኑ ላይ ተቀመጡ። የካቻቢቴውን ጫፍ ማጉያዋ ላይ፣ እጀታውን ጆሯቸው ሥር ደገኑና ዓይናቸውን ጨፈኑ። አሰግድ በቀስታ የሚሄደውን ዘፈን ተጫወተ። ሁለት ቦታ ሳተ። ሲጨርስ እሳቸው ካቻቢቴውን ከጆሯቸው አወረዱ።

"ሞተሩ ጤነኛ ነው" አሉ በመጨረሻ። "የተበላሸው አቀማመጡ ነው። ሞተር በባዶ ሲሚንቶ ላይ ይቀመጣል? የክፍልህ ወለልና የእኔ በረንዳ አንድ ሲሚንቶ አይደለም? በአልጋዬ እግር እየወጣ አጥንቴ ውስጥ ነው የሚገባው። ፊዚክስ ነው አሉ የምታስተምረው?"

አሰግድ አፈረ። እሳቸው ግን ወደ ባለቤታቸው መጣራት ጀምረዋል፦ "ሰሊማ! እነዚያን የጭነት መኪና ጎማ ቁራጮች አምጪ!"

አንዱ ቁራጭ ከማጉያዋ ሥር፣ ሌላው ከአሰግድ ተረከዝ ሥር ገባ። ጋሼ ተመልሰው ተኙ፤ አሰግድ ተጫወተ። ከበረንዳው "አልሀምዱሊላህ፣ ጠፋ!" የሚል ድምፅ ሲመጣ ፍራሹ ላይ ዘፍ ብሎ ተቀመጠ። ክፍሏ ተረፈች።

ሐሙስ ጠዋት እትዬ ሰሊማን ግቢው ውስጥ አገኛቸው። "ጋሼ ደህና ተኙ?"

"ምን ይተኛል፣ ሲገላበጥ ነው ያነጋው።" ወደ በረንዳው ገልመጥ አሉና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ሞተሩ ጆሮውን ከበላው ቆየ እኮ፣ ልጄ። ለሱብሂ ሶላት የምቀሰቅሰው እኔ ነኝ፤ አዛኑን አይሰማውም። ፍሪጁንም ዳብሶ ነው ያወቀው። ከሩቅ የሚደርሰው ነገር ቢኖር ያ ያንተ በአልጋው የሚመጣው ብቻ ነበር። ማታ እሱም ጠፋበት። እንዳትነግረው አደራ፤ ያፍራል።"

አሰግድ ሰውዬው ሲያናግሯቸው ለምን አፍ አፍ እንደሚያዩ ገባው፤ ልቡም ተነካ።

የዚያን ዕለት ልምምዱን ጎማው ላይ ጨረሰ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ቁራጩን ከማጉያዋ ሥር ሳበና ባዶው ሲሚንቶ ላይ አስቀመጣት፤ በቀስታ የሚሄደውንም ዘፈን እንደገና ጀመረ።

"አየር ስቧል!" አሉ ጋሼ ሙዐዊያ ከበረንዳው። አጥፋ ግን አላሉም።

ሠርጉ በሰላም አለፈ፤ ልማዱ ግን አልቀረም። በየምሽቱ መጨረሻ አንድ ዘፈን ባዶ ሲሚንቶ ላይ ይጫወታል፤ አንድ ስድብም ከበረንዳው ይመጣለታል። ደክሞት ረስቶ የተኛ እንደሆነ ግን የካቻቢቴ እጀታ በሩን ይቆረቁራል።

"መምህር" ይላሉ ክቡር የግቢው ጆሮ፣ "ጎማው አልወጣም እኮ።"