ወፍራሙ ጫፍ

አልጋውን ብድግ አድርገን አሥር እርምጃ እንደሄድን ሸምሱ ዓይኑን ገለጠና «አስቀምጡኝ» አለ። ከነፍራሹ፣ ከነብርድ ልብሱ ቅያሱ መሃል አስቀመጥነው። ሆስፒታል የሚያደርሰው መኪና አስፋልቱ ዳር ይጠብቀናል፤ እሱ ቤት ድረስ መኪና አይገባም። ሁለቱ ልጆቹ የደከመው መስሏቸው ውሃ ሊያጠጡት አጎነበሱ። እሱ ግን በጣቱ እኔን ጠቀሰኝ።

ምን እንዳለኝ ከመንገሬ በፊት ሸምሱ ማን እንደሆነ ልንገራችሁ።

ኮልፌ አጣና ተራ አብረን ባሕር ዛፍ ስንሸከም ነው የኖርነው። በሦስት ዓመት ይበልጠኛል። ቀጫጭኑን አጣና ሰው ለብቻው ይሸከመዋል፤ ለቤት የሚሆነው ትልቁ ቋሚ ግን ለሁለት ነው። አንደኛው ጫፉ ወፍራም፣ ሌላው ቀጭን። ክብደቱ ያለው ወፍራሙ ጋ ነው። ስለዚህ ወፍራሙን አንዴ አንተ፣ አንዴ እኔ። በዚህ የሚያጭበረብር ሰው የሸክም ጓደኛ አያገኝም።

እርጅና ቀስ እያለ የሚመጣ ይመስላችኋል? እኔም ይመስለኝ ነበር። እኔ ዘንድ የመጣው ማክሰኞ ጠዋት ነው። ሰኞ አርባ አራት ዓመቴ ነበር፤ ማክሰኞም ያው። ሰኞ የተሸከምኩትን የሚያህል ቋሚ ማክሰኞ ላነሳ ጎንበስ ብል ጉልበቴ ቋ አለና እዚያው ቀረሁ። የዚያኑ ቀን ጦር ኃይሎች ታክሲ ልይዝ ስል፣ ትናንት «ወንድም» ሲለኝ የነበረ ወያላ «አባባ፣ ቀስ ብለው ይግቡ» አለኝ። ከኋላዬ ሽማግሌ ያለ መስሎኝ ዞር አልኩ። ማንም የለም።

ባለቤቴ ለጋ ቅቤ አቅልጣ ሁለት ሳምንት አሸችኝ። በሦስተኛው ሥራ ገባሁ። ጉልበቴ ድምፅ የለውም። ድኛለሁ ማለት አይደል?

እኔ ብዙ አልናገርም። ፊደልም አልቆጠርኩም። ስለ ቅቤ ግን ስንት ዓመት ሰበክሁ መሰላችሁ። ወገቡን ያመመው ሁሉ ወደ እኔ ይላካል። አንድ ሰሞን አጣና ተራው በሙሉ ቅቤ ቅቤ ሸትቶ ውሻ ይከተለን ነበር። ሸምሱም ይመሰክርልኛል። «ይኸው፣ እንደ ፍየል ይዘላል» ይላቸዋል። መማል ግን አይምልም። ዝናብ ሊመጣ ነው ለማለት እንኳ «ወላሂ» የሚል ሰው፣ ቅቤው ላይ ሲደርስ ወላሂውን ይተወዋል። ልብ አላልኩትም።

ሌላም ልብ ያላልኩት ነገር አለ። ከዚያች ማክሰኞ ወዲህ ወፍራሙን ጫፍ የሚይዘው እሱ ሆነ። የኔ ተራ ሲደርስ ሰበብ አያጣም። አንድ ቀን «ቀጭኑ ትከሻዬን ይቆርጠኛል» ይላል። ሌላ ቀን «አንተ መንገድ ታውቃለህ፣ ቀጭኑን ይዘህ ፊት ምራ»። መንገዱ ከአጣና ተራ እስከ አስፋልት ነው፤ ማን ይጠፋበታል? በኋላ መጠየቁንም ተውኩት። ቀለለኝ።

የእሱም ቀን እንዲሁ በድንገት መጣ። ሐሙስ ቋሚ ተሸክሞ የዋለ ሰው፣ ዓርብ መስጊድ ሰግዶ ሊነሳ ቢል ወገቡ እምቢ አለው። ሁለት ሰው ደግፎ አወጣው። በዚያው ሸክም ቀረ። እኔ ከሌላ ሰው ጋር ተጣመርኩ። በመጀመሪያው ጉዞ ወፍራሙ ደረሰኝና ሃያ እርምጃ ሳልሄድ ጣልኩት። «ቁርስ አልበላሁም» አልኩ። በማግስቱ ግን በልቼም ጣልኩት። ከዚያ ወዲያ እኔም አልተመለስኩም።

ዘንድሮ ሕመሙ ሲጠናበት ቅቤ ይዤለት ሄድኩ። ጣሳውን አየና ሳቀ። እስኪያስለው ሳቀ። ቅር ብሎኝ «ምን ያስቅሃል?» ብለው፣ «ተወው፣ አንድ ቀን እነግርሃለሁ» አለኝ።

እንግዲህ ወደ አልጋው። በሽተኛ ተሸክማችሁ ከሆነ ታውቃላችሁ፤ ክብደቱ በራስጌው በኩል ነው። ልጆቹ ቀጫጮች ናቸው። እኔ ደግሞ በቅቤ የዳነ ጉልበት አለኝ። ስለዚህ ቀድሜ ከአንድ ጎረቤቱ ጋር በራሱ በኩል ያዝኩ፤ ልጆቹን በእግሩ በኩል አደረግኋቸው። ከሦስተኛው እርምጃ ጀምሮ ጉልበቴ ይንቀጠቀጥ ነበር። ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። አልጋው ላይ የተኛው ሰው ግን ያውቀዋል። ስንት ዓመት በአንድ እንጨት ተያይዘን ሄደናል፤ የእኔ ጉልበት ሲከዳኝ መጀመሪያ የሚሰማው እሱ ነው።

ሆስፒታል አራት ቀን ቆየ። ሰው አያናግርም ነበር። በአምስተኛው ቀን ጀናዛው ሲወጣ የሰፈሩ ወንድ ሁሉ እየተሻማ ተሸከመው። እኔም ገባሁ፤ በእግሩ በኩል። በራሱ በኩል ልግባ ብል እሱ አይፈቅድልኝም።

ያን ቀን ቅያሱ ውስጥ፣ በጣቱ ጠቅሶኝ ጆሮዬን ወደ አፉ ሳስጠጋ፣ እንዲህ ነው ያለኝ፦

«ደምሴ፣ በእግሬ በኩል ዙር። ያን ጉልበት ቅቤ አላዳነውም፤ ወላሂ።»