ድሮ ዳቦ ቤቱ የነበረበት ጋ

አትላንታ ውስጥ ራሱን በራሱ አስጎብኚ አድርጎ ያልሾመ ነዋሪ የለም፤ ከነዚህ ሹመኞች መካከል ግን ከተማዋን በትክክል የሚያሳይ አንድም አላጋጠመኝም። የሹመኞቹ ማኅበር ሊቀ መንበር ክብርት እትዬ ኧርሊን ታግል ጎረቤቴ ናቸው። እንግዳቸው ከአውሮፕላን ሳይወርድ እሳቸው የመኪናቸውን ሞተር ያሞቃሉ።

የእትዬ ኧርሊን ጥፋት አንድ ነው፤ ግን ከባድ ነው። መንገድ የሚመሩት ባለው ሳይሆን በነበረው ነው። “ድሮ ዳቦ ቤቱ የነበረበት ጋ ወደ ግራ” ይላሉ፤ ዳቦ ቤቱ ሲፈርስ እኔ ሽበት አልነበረኝም። በከተማችን ይህ የሁላችንም ልማድ ነው፤ እሳቸው ግን ሃይማኖት አድርገውታል። ወደ መካነ አራዊት ሊሄዱ የተነሡ ሁለት የቴክሳስ ፓስተሮች ባዶ የመኪና ማቆሚያ ፊት ቆመው የፈረሰ የቤዝቦል ሜዳ ግርማ አድንቀው ተመልሰዋል። ቅር ላለው እንግዳ መልሳቸው የታወቀ ነው፦ “ገና ምን ታየና።”

ባለፈው ግንቦት ግን ነገሩ ቀልድ አልነበረም። የሟች እኅታቸው ልጅ ቫኔታ ከዲትሮይት መጣች። እዚህ የመምህርነት ሥራ አግኝታ፣ ትምጣ አትምጣ ሰኞ መልስ መስጠት ነበረባት። ከተማዋን አታውቅም፤ እናቷም አንድ ቀን ስለ ከተማዋ አንሥታላት አታውቅም። እትዬ ኧርሊን ደግሞ ከእሷ በቀር ዘመድ የላቸውም። ስለዚህ በአንድ ቅዳሜ ሊማርኳት ቆርጠው ለምስክርነት እኔን ከኋላ ወንበር አስቀመጡኝ። አኳሪየም በሚሉት በከተማዋ የዓሣ ማሳያ ያለውን፣ አውቶቡስ የሚያህለውን ሻርክ ያየ ሰው ከዚህ ከተማ አይወጣም የሚል ጽኑ እምነት ነበራቸው።

ነጎድን። ፒችትሪ በሚባል ጎዳና ገብተን ፒችትሪ በሚባል ሌላ ጎዳና ወጣን። ቅቅል ለውዝ ለመግዛት ቆምን። ድሮ የባርኔጣ መደብር የነበረውን ባንክ፣ ድሮ ባንክ የነበረውን ሣር አየን። የዓሣ ማሳያው ሊዘጋ መሆኑን ባሳስባቸው፣ “አንተ ደግሞ ሰዓት ልታይ ነው የመጣኸው?” አሉኝ።

ከአንድ የመስታወት ፎቅ ሥር ድንገት ፍሬን ያዙ።

“እዚህ ሲኒማ ቤት ነበር። እናትሽ ትኬት ትቆርጥ ነበር። ፊልሙ ሲጀምር መስኮቷን ዘግታ ከሰው ኋላ ቆማ ታያለች። አለቃዋ ሲይዛት የፊልሙን መጨረሻ እየነገረች ታበሽቀዋለች።”

ቫኔታ የለውዙን ከረጢት አስቀምጣ ወረደች። ምንም የማይታይበትን ፎቅ አንጋጣ ብዙ ቆየች።

“ሌላስ የት የት ነበረች?” አለች።

ከሰዓት በኋላውን ሙሉ እናቷ የነበረችባቸውን ቦታዎች ስንዞር ዋልን፤ መከልከል ሲገባኝ፣ እናቷ አውቶቡስ ትጠብቅበት የነበረውን ማቆሚያ በጣቴ የጠቆምኩት እኔ ነበርኩ። ዓሣ ማሳያው ስንደርስ በሩ ተቆልፏል። እትዬ ኧርሊን መሪውን ጨብጠው በሩን ብቻ ያያሉ።

“ሻርኩ የትም አይሄድም፣ አክስቴ” አለች ቫኔታ። “ሰኞ እሺ እላቸዋለሁ።”

“በዚህ ከተማ እንዲህ የተባለለት ሁሉ ፈርሷል” አሉ እትዬ ኧርሊን፣ ዓይናቸውን በመዳፋቸው እየጠረጉ። “ቶሎ ነይ።”

በነሐሴ ጓዟን ጠቅልላ መጣች። ሻርኩን እስካሁን አላየችውም። ባለፈው ቅዳሜ ቫኔታ መኪናዋን አስነሥታ ወደ ዓሣ ማሳያው በየት በኩል እንደሚሻል ጠየቀችኝ። ትክክለኛውን መንገድ አሳምሬ አውቃለሁ። ነገር ግን እትዬ ኧርሊን ከፊት ወንበር ዘወር ብለው ያዩኝ ነበር።

“ድሮ ዳቦ ቤቱ የነበረበት ጋ” አልኋት፣ “ወደ ግራ።”