የጀርመናዊው ለቅሶ

እኛ የሰው የሕይወት ታሪክ የምንጽፈው ሰውየው ሲሞት ብቻ ነው። በቁሙ የት እንደተወለደ፣ ምን እንደተማረ የሚጠይቀው የለም፤ የሞተ ዕለት ግን አስከሬኑ ፊት ቆመን ከልደቱ ጀምረን እናነብለታለን። እሱ እንደሆነ አይሰማም። ታዲያ ይህን ጠባያችንን እያወቅሁ እንዴት ተሳሳትኩ? እንጃ፣ የኔ ቢጤ ብልህም አንዳንዴ ይሳሳታል።

በዘጠናዎቹ አሜሪካ፣ ሚኒያፖሊስ ውስጥ የሐበሻ ማኅበራችን ጋዜጣ ዋና አዘጋጅ ነበርኩ። ምክትል አልነበረኝም፤ ጋዜጣውም አራት ገጽ ነው። የማኅበሩ ሊቀ መንበር አቶ መንገሻ፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ፕሊማውዝ ያለ ፋብሪካ የሚሠሩ ቁም ነገረኛ ሰው፣ ይዘጋ ባይ ነበሩ። ሰው ከሺፍት ደክሞት ገብቶ ያንተን ቀልድ ነው የሚያነበው? አሉኝ። እሑድ በስብሰባ ሊወሰን ሆነ። እውነቱን ልናገር፣ አንጀቴ አረረ። ቀን ቀን የሆቴል አንሶላ አጣፊ ነኝ፤ ከሰው የሚያስቆጥረኝ ያ ጋዜጣ ነበር።

ስለዚህ የመጨረሻ ሊሆን በሚችለው እትም ላይ ያለ የሌለ ችሎታዬን አፈሰስኩ። ጀርመን አገር ስማር የወደድኩት አንድ ቀልደኛ የጋዜጣ አዘጋጅ አለ፤ በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን የኖረ፣ ስሙ ምላስ የሚያስር፣ በንጉሡ ላይ አሹፎ የታሰረ፣ እስር ቤትም ሆኖ ማሾፉን ያልተወ። ጢማም ፎቶግራፉን ከጎረቤቱ ከተማ ከሴንት ፖል ላይብረሪ ኮፒ አድርጌ የፊት ገጽ ላይ አወጣሁት። ከላዩ «አጭር የሕይወት ታሪክ» ብዬ ጻፍኩ፤ እንዲያምር ዙሪያውን በጥቁር መስመር ከበብኩት። በጣም አምሮበት ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ፊሊፕስ ሰፈር ያለው ቤታችን ተንኳኳ። ስከፍት ጎረቤታችን አደይ ሳባ፣ አሥመራ በአማርኛ ተምረው ያደጉት እናት፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቆመዋል። እግዜር ያጥናህ ልጄ ብለው አንገቴ ላይ ተጠመጠሙ። ማን ሞቶ ነው ለማለት አፌን ሳልከፍት ሌሎቹ የማኅበሩ ሰዎች ድስት ድስታቸውን ይዘው ተከተሉ። ሚስቴ እኔን ታያለች፣ እኔ እሷን አያለሁ። ሶፋው ተገፋ፣ ወንበር ተደረደረ። ከዚያ አንዱ ጋዜጣዬን ከኪሱ አውጥቶ ፎቶግራፉን እያየ ከንፈሩን ሲመጥ ገባኝ። ጀርመን ሳለሁ እንደ ልጁ የያዘኝ ሰው የሞተብኝ መስሏቸዋል።

ምን ይደረግ? ኦቨርታይሙን ትቶ ለመጣ ሰው ተሳስተሃል፣ ወጥህን ይዘህ ተመለስ ይባላል? ተቀመጥኩ። አደይ ሳባ ሲያለቅሱ እኔም አለቀስኩ፤ ሰውየውን እኮ ከልቤ ነው የምወደው።

አቶ መንገሻ ጥቁር ኮታቸውን ለብሰው ከሁሉ ኋላ ገቡ። አጠገቤ ቁጭ ብለው፣ ጋዜጣው አይዘጋም፣ እሑድ እኔው ራሴ እናገራለሁ አሉኝ። ታሪኩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንብበውታል፤ ንጉሡ ላይ ያሾፈበት ቦታ ሲደርሱ ሐዘኑን ረስተው ስቀዋል፣ ይቅርታም ጠየቁኝ። ደስታዬን መሸሸግ አቃተኝ። ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። እስከ መጨረሻው አንብበውት እንዴት ለቅሶ መጡ? ቀስ ብዬ፣ ጋሼ፣ ሰውየው የሞተው እኮ ከመቶ ዓመት በፊት ነው፣ ተጽፏል አልኳቸው።

አይተነዋል አሉኝ፣ እንባ አቅርረው። የእሳቸውንም እናት ሞት ዘመዶቻቸው ደብቀው፣ ከስንት ዓመት በኋላ ነው ያረዷቸው። መርዶ መዘግየቱ ያለ ነው አሉ ትከሻዬን ቸብ ቸብ እያደረጉ፤ ጀርመኖቹ ግን አበዙት።