አሥራ ሁለት ዲግሪ ወደ ግራ

እኛ አገር ስለ በሽታው ከሁሉ በመጨረሻ የሚሰማው በሽተኛው ራሱ ነው! ሐኪም ያውቃል፣ ቤተሰብ ያውቃል፣ ጎረቤት ያውቃል... እሱ ብቻ «ቀላል ነው፣ ትድናለህ» እየተባለ ሾርባውን ይጠጣል። እስቲ እናንተም አስታውሱ፤ ስንቱን ዘመዳችሁን በር ላይ እንባችሁን ጠርጋችሁ ገብታችሁ «ዛሬማ ፊትህ በርቷል!» ብላችሁታል?

ስለዚህ እኔ ብልጥ ልሁን አልኩ። ወገቤን ሲያመኝ ከረመና ካዛንቺስ አንድ ክሊኒክ ራጅ ተነሣሁ። ሐኪሟ ስላልነበረች ውጤቱን ከነፊልሙ በፖስታ ይዤ ወጣሁ። በእንግሊዝኛ ነው የተጻፈው። ታዲያስ? ሃያ ዓመት ቢሮ ቁጭ ብዬ ደብዳቤ ያረቀቅኩ ሰው አይደለሁ እንዴ! ከፈትኩት። «ኢዲዮፓቲክ ሌቮስኮሊዮሲስ፤ ኮብ አንግል 12 ዲግሪ» ይላል። ከዚህ ሁሉ የገባኝ አሥራ ሁለቷ ብቻ ናት።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ ፖስታዬን ታቅፌ ጎረቤታችን ጋሽ ተፈራ ዘንድ ሄድኩ። ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር ናቸው። አንግል ካለበት ከእሳቸው አያልፍም ብዬ ነው። ፊልሙን ወደ ፀሐይ አንሥተው አዩት። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና እንደገና አዩት።

«ጋሽ ተፈራ፣ ምን ይላል?»

«አይ... እሱ ያውቃል ልጄ። እሱ ያውቃል።»

አያችሁልኝ? ሰውዬው ዕድሜያቸውን ሙሉ ሒሳብ ሲያስተምሩ አንድም ጥያቄ ለፈጣሪ አስተላልፈው አያውቁም!

ቤቴ ሳልደርስ ስልኬ ጮኸ። የክሊኒኩ ነርስ ናት።

«ነገ ሦስት ሰዓት ዶክተር ጋ ቀጠሮ አለዎት። ቤተሰብ ይዘው ይምጡ።»

«ቤተሰብ ለምን?»

«እሱን ዶክተሯ ትነግራቸዋለች።»

ትነግራቸዋለች! እኔን ሳይሆን እነሱን! በቃ፣ አለቀልኝ። ፖስታዬን እንደ ታቀፍኩ የሰው ደጃፍ ላይ ተቀመጥኩ።

ሊሞት የተቃረበ ሰው የሚቀረው ኃጢአቱ ነው። እኔም አንድ አለችኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ በየማለዳው የስፖርት ጫማዬን አጥልቄ «ወሎ ሰፈር ደርሼ እመለሳለሁ» ብዬ እወጣለሁ። ባለቤቴ ሰናይት ደግሞ ጉልበት እንዲሆነኝ ቀድማኝ ተነሥታ በሶ ትበጠብጥልኛለች። እኔ ግን ወሎ ሰፈርን በእግሬ ረግጬው አላውቅም! ኦሎምፒያ ስደርስ አንዲት ካፌ እገባለሁ፤ ማኪያቶዬን በሁለት ቦምቦሊኖ አወራርጄ በታክሲ እመለሳለሁ። ግቢው በር ላይ ከላስቲክ ውሃዬ አንገቴንና ግንባሬን ረጨት፣ ረጨት... ከዚያ እያለከለክሁ እገባለሁ።

ምሳ ላይ ሁሉንም ዘረገፍኩት። «ሰኒ፣ ሳልሞት ልናዘዝልሽ...»

ሰናይት አለቀሰች። «ማኪያቶ ነው እንዴ? እኔ ሌላ ሴት መስሎኝ! ይቅር ብዬሃለሁ፤ ብቻ አንተ ዳንልኝ» ብላ አቀፈችኝ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ይህችን ሴት ትቼ መሞቴ አንጀቴን በላው።

በነጋታው ወጣቷ ሐኪም ፊልሙን መብራት ላይ ሰቀለችው። «ስኮሊዮሲስ ማለት አከርካሪ ወደ ጎን ሲጎብጥ ነው። ሌቮ ደግሞ ወደ ግራ ማለት ነው። ኮብ አንግል የጉብጠቱ መለኪያ ነው፤ ከአሥር ዲግሪ በታች ቢሆን ስሙንም አንሰጠውም ነበር። የእርስዎ አሥራ ሁለት ነው፣ በጣም ቀላል።»

«ኢዲዮፓቲክስ?» አልኩ በሰለለ ድምፅ።

«ምክንያቱ አይታወቅም ማለት ነው።»

አናውቅም ለማለት ይህ ሁሉ ፊደል! ለካ ከእኛ ቢሮ የባሰ አለ።

«ታዲያ ቤተሰብ ይምጣ ያላችሁት...?»

«ሰው የራሱን ጀርባ አያይማ! የማዝልዎትን ስፖርት ሲሠሩ ከኋላ ሆኖ ቀጥ ማለትዎን የሚቆጣጠር ሰው ያስፈልጋል። ወገብዎን ያሳመመዎት ደግሞ ጉብጠቱ ሳይሆን መቀመጥ ማብዛትዎ ነው። ለመሆኑ የእግር ጉዞ ያደርጋሉ?»

አፌን ከመክፈቴ ሰናይት ቀደመችኝ። «በታክሲ ያደርጋል።»

የትናንቱ ይቅርታ ለሟች ነበር ለካ የተሰጠው!

ከዚያ ወዲህ ወሎ ሰፈርን በደንብ አውቄዋለሁ። እኔ ከፊት፣ ሰናይት ከኋላ፣ «ቀጥ በል!» እየተባልኩ መንገደኛው ሁሉ ያየኛል። በመጀመሪያው ቀን ኦሎምፒያ ስንደርስ አንገቴን ሰብሬ ላልፍ ስል የካፌዋ አስተናጋጅ ከበር ላይ ተጣራች።

«ጋሼ! ምነው ጠፉ? እንደ ተለመደው ላምጣ?»

ሰናይት ቆመች። ካፌዋን አየች፤ ጀርባዬን አየች፤ እንደገና ካፌዋን አየች።

«በግራ በኩል ናት» አለች።

«ማ?»

«ካፌዋ። ዶክተሯ ምክንያቱ አይታወቅም ነው ያለችህ?»

«አዎ...»

«ደውልላትና ተገኘ በላት!»