አባ ኪሮስ ጉልበት ላይ ተደፍቼ የቀረሁ ዕለት

ሚስቴን ያገኘሁት በወገብ ሕመም ነው ብላችሁ ታምናላችሁ?

ዛሬ ጠዋት ልጄ ስልኩ ላይ ተደፍቶ አየሁትና «ቀና በል እንጂ፣ ይሄ ምን ዓይነት ፖስቸር ነው?» አልኩት። ሚስቴ ከጓዳ ሳቋን ለቀቀችው። ልጁ ምን እንዳሳቃት መጠየቅ ጀምሯል። እሷ ጨምራ ከምትነግረው እኔው ቀድሜ ለእናንተ ልናዘዝ።

በዘጠናዎቹ መጨረሻ ነው። ከጎጃም ተመድቤ ሰቆጣ፣ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ መዝገብ ቤት እሠራለሁ። እኔ ረጅም፣ ጠረጴዛው አጭር። ቀኑን ሙሉ ፋይል ላይ ተደፍቼ ስውል ትከሻዬ ከጆሮዬ ጋር ጎረቤት ሆነ። ጠዋት ጠዋት የጫማዬን ክር ለማሠር ወገቤን ማስፈቀድ ጀመርኩ።

የሃያ ዘጠኝ ዓመት ሽማግሌ!

ግቢያችን የተከራየች ሲስተር ሙሉ የምትባል ነርስ ነበረች። ባልዲ ሳነሳ ስቃዬን አየችና ወስዳ ከግድግዳ ጋር አቆመችኝ። ተረከዝህና ጀርባህ ግድግዳውን ይንካ፣ ትከሻህን ጣለው፣ ትንፋሽህን በረጅሙ አውጣ አለችኝ። ዝቅ ስትል ደግሞ ከወገብህ አትታጠፍ፣ በጉልበትህ ውረድ። ኪኒን የለውም፣ ልማድህን ነው የምትቀይረው።

እኔ ደግሞ አንዴ ከያዝኩ አለቅም። መዝገብ ቤት ውስጥ ፋይል አናቴ ላይ አስቀምጬ በመደርደሪያዎቹ መሀል መመላለስ ጀመርኩ። አንድ ቀን ኃላፊያችን በሩን ከፍተው አዩኝ። አንገቴን ሳልሰብር፣ ፋይሉም ሳይወድቅ «እንደምን አደሩ» አልኳቸው። በሩን ቀስ ብለው መልሰው ዘጉት።

በሦስተኛው ወር ወገቤ ዝም አለ! ይህን ደስታ የሚያውቀው ያመመው ብቻ ነው። ሰቆጣ ውስጥ እንደ አዲስ ሰው መሄድ ጀመርኩ።

ችግሩ፣ እንደዚያ ቀጥ ብሎ የሚሄድ ሰው ለከተማው የተሾመ ሰው ነው። ባለሱቁ «ሹመት ያዳብር» አለኝ። ሻይ ቤት ስገባ ወንበር ይጠረግልኛል። አላስተባበልኩም። እናንተ ብትሆኑ ታስተባብሉ ነበር?

በዚያው ሰሞን ለትርንጎ ሽማግሌ ልኬያለሁ። ትርንጎ አስተማሪ ናት፣ አገሯ እዚያው ሰቆጣ ዙሪያ። አባቷ አባ ኪሮስ እናስብበት ብለው ነበር።

ገበያ ቀን አህያቸውን እየነዱ መንገድ ላይ አገኘኋቸው። ሰላም አልኳቸው። ፈገግ ብዬ፣ ትከሻዬን ጥዬ፣ እንደ ምሰሶ ቀጥ ብዬ!

በነጋታው ሽማግሌዎቼ መልሳቸውን ይዘው መጡ። «ለሰላምታ አንገቱ የማይታጠፍ ሰው፣ ነገ ልጄን ቁልቁል ነው የሚያያት።»

ሰማይ ተደፋብኝ። ልጅቷን እወዳት ነበር፣ ወገኖቼ። ከወገቤም አስበልጬ።

ትርንጎ ለምና አስለምና አንድ ዕድል አስገኘችልኝ፤ ይምጣና ልየው ብለዋል። መንገዱን ሙሉ የማስበው አንድ ነገር ነው፤ የሲስተር ሙሉን ትምህርት ለዛሬ እርሳው፣ አያትህ እንዳስተማሩህ አድርገህ እጅ ንሳ።

ገባሁ። አባ ኪሮስ መደብ ላይ ተቀምጠዋል፣ ዘመድ አዝማድ ግራና ቀኝ። ከወገቤ እጥፍ ብዬ ጉልበታቸው ላይ ወረድኩ።

ቀጭ!

ወገቤ ነው። ያዘኝ።

አባ ኪሮስ እንደ ወጉ «ተው ልጄ፣ ተነሥ» ብለው ትከሻዬን ሳብ አደረጉኝ። ልጅዬው የት ይነሣል! ደግመው «ይበቃል፣ ተነሥ» አሉኝ። የሚታየኝ የጎማ ጫማቸው ብቻ ነው። ከኋላዬ እንዴት ያለ ጨዋ ነው የሚል ሹክሹክታ ሰማሁ። እናቷ በኽምጣኛ አንድ ነገር አሉ፣ እኔም ምርቃት መስሎኝ በልቤ አሜን አልኩ። ትርንጎ በኋላ ስትተረጉምልኝ «እዚያው ሊያድር ነው እንዴ?» ነበር ያሉት።

ላቤ በአፍንጫዬ ሲንጠባጠብ ሲስተር ሙሉ ትዝ አለችኝ። ትንፋሼን በረጅሙ አወጣሁ። ትከሻዬን ጣልኩ። ከዚያ በጉልበቴ ቀስ ብዬ መሬት ወረድኩ፣ ጭራሽ ተንበረከኩ ማለት ነው! ዘመድ አዝማዱ በአድናቆት «አቤት!» አለ። ጀርባዬን ቀጥ አድርጌ የአባ ኪሮስን ጉልበት ተደግፌ ተነሣሁ።

«ሰው ያወራውም አይደለም፣ ያየሁትም አይደለም» አሉ አባ ኪሮስ። ልጃቸውን ሰጡኝ።

እኔ ታዲያ በዚህ ስኬት ስንት ወር ኮራሁ መሰላችሁ! ሚስጥሬን ከትርንጎ በቀር የሚያውቅ የለም ብዬ።

የሠርጉ ዕለት ደረሰ። ጉልበት ልስም ዝቅ ማለት ስጀምር አባ ኪሮስ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«ዛሬስ ቀስ በል። እንደዚያን ዕለቱ እንዳንቸገር።»

ደነገጥኩ። «ያውቁ ነበር?»

«ዕርፍ ሲጨብጥ የኖረ ሰው የወገብን ድምፅ አያጣውም። ስንት ዓመት የራሴን ሰምቻለሁ።»

«ታዲያ እንዴት ሰጡኝ?»

«ያዘኝ ብለህ ብትጮህ እናነሣህ ነበር። እኔን በዘመድ ፊት ላለማሳፈር ብለህ ሕመምህን ዋጥከው። ለልጄ ከዚህ ሌላ ምን እሻለሁ?»

ሙሽራው አለቀሰ ተብሎ በቪዲዮ የተቀረጸው እሱ ነው። ሁሉም ሰው የእናቱ ናፍቆት ነው ብሏል፣ እኔም እንደ ሹመቱ አላስተባበልኩም።

አባ ኪሮስ ዛሬ የሉም። የእኔ ወገብ ግን አለ፣ ለሲስተር ሙሉ ምስጋና ይግባትና።

አሁን እስቲ ወላጆች ፍረዱኝ፤ ልጄን ቀና በል ልበለው ወይስ ጎንበስ? የወደፊት አማቱ የት አገር እንዳሉ አላውቅም። ለማንኛውም ከነገ ጀምሮ ጉልበቱን ያለማምዳል።