የመሪ ጌታ ሣህሉ ገደሎች

መንገድ ቀጥ ሲል የሚያማቸው ሰዎች አሉ። አምስት ሾፌር ባለበት መሥሪያ ቤት ሁሉ ከአምስቱ አንዱ የግድ ከዚህ ወገን ነው። አስፋልት ሲያይ ፊቱ ይጠቁራል፤ የፍየል ዱካ ሲያይ ይፈካል። «በዚህ በኩል ይቀርባል» ይላል። አይቀርብም። ቀርቦም አያውቅም። ከጎኑ የተቀመጠው ሰው መሪው በእጁ አይደለምና የበሩን እጀታ ጨብጦ ከመጸለይ በቀር ምን ያደርጋል።

በ1974 ዓ.ም. ባሕር ዳር ላይ፣ ስሙን መጥራት በማያስፈልገን አንድ የእርሻ መሥሪያ ቤት፣ የዚህ ወገን አለቃ ጋሽ ሣህሉ ነበሩ። በልጅነታቸው ደቅ ደሴት ላይ ዜማ ጀምረው፣ ሳይጨርሱት ከመኪና ጋር ተዋወቁና በዚያው ቀሩ። የመሥሪያ ቤቱ ሰው ታዲያ የድጓውንም የጎማውንም ማዕረግ አጣምሮ «መሪ ጌታ» ይላቸዋል። እሳቸውም አይከፋቸውም። መሪ የጨበጠ ሁሉ ግን ጌታ እንደማይባል፣ ጌትነቱ የሚጀምረው ከአስፋልት ሲወጡ መሆኑን በትዕግሥት ያስረዳሉ።

የመሪ ጌታ ፍቅራቸው ገደል ነበር። ሌላው ሾፌር ገደል ሲያይ ወደ ተራራው ይጠጋል፤ እሳቸው ወደ ገደሉ ይጠጋሉ። አፋፉ ላይ ሲደርሱ ሞተር ያጠፋሉ፣ ይወርዳሉ፣ ኮፍያቸውን ያወልቃሉ። ተሳፋሪውንም፣ ባለሙያ ይሁን ሥራ አስኪያጅ፣ «ና ውረድ! ገደሉን ሳያዩ ማለፍ ነውር ነው» ይሉታል። ገደሎቹን እንደ ካህናት በየማዕረጋቸው ከፍለዋቸዋል። «ይሄ ገና ዲያቆን ነው» ይላሉ፣ ሰው ቢወድቅበት አጥንቱ የማይገኝ አዘቅት እያሳዩ። «ጳጳሱ ዓባይ ነው፤ እሱን አንድ ቀን አሳይሃለሁ።» ከኋላ ወንበር ሥር ደግሞ ከቀድሞ ቀያሾች የተረፈ የሸራ ድንኳን አለ፤ ከመሸ ይተከላል። በመሪ ጌታ መኪና ሳይመሽ የተደረሰበት አገር የለም።

እንዲህ ያለው ሰው የደረሰው ለአምሐ ነው። አምሐ የሰብል ግምት ባለሙያ ነው፤ ከሚስቱ ከእናትዓለም ጋር ከደሴ ተዛውሮ ከመጣ ገና ሳምንቱ ነው። ደሴ ላይ፣ በዚያ በክፉው ጊዜ፣ ጠዋት አገላብጦ የሳመውን ሰው ከሰዓት በኋላ የጠቆመ ጎረቤት በዓይኑ አይቷል። ከዚያ ወዲህ ሰላምታም ቢሆን ሦስቴ ሳያገላብጥ አይመልስም።

የመጀመሪያ ጉዟቸው ወደ መራዊ ነበር። መራዊ እዚያው ዋናው መንገድ ላይ ናት፤ ያረጀ አውቶቡስ እንኳ በአንድ ሰዓት ይደርስባታል። መሪ ጌታ ከከተማ ወጣ እንዳሉ ወደ ግራ ታጥፈው ማሳ ለማሳ ገቡ።

«ጋሽ ሣህሉ፣ መንገዱ በዚያ አልነበረም?»

«ያማ አስፋልት ነው፤ አስፋልት አገር አያሳይም። በዚህ በኩል ይቀርባል።»

አምስት ሰዓት ፈጀባቸው። በአምስቱ ሰዓት ውስጥ መሪ ጌታ ያገኙትን ሁሉ እያስቆሙ የልጆቹን ደኅንነት በየስማቸው ጠየቁ፤ ከአንድ ሽማግሌ ጋር ደግሞ ከዋርካ ሥር ቆመው በሹክሹክታ ሲነጋገሩ ቆዩ። አምሐ ከመኪናው ሆኖ ከንፈራቸውን ለማንበብ ሞከረ፤ አልሆነለትም። ሲመለሱ ሽማግሌው ምን እንዳሏቸው ጠየቃቸው።

«ላሟ ወለደች» አሉ መሪ ጌታ።

አምሐ ይህን በኪስ ማስታወሻው ላይ ጻፈው። ጎጃም የቅኔ አገር ነው፣ ሰሙን ሰጥቶ ወርቁን ይደብቃል ሲባል ሰምቷል። ላሟ ማን ናት? የወለደችውስ ምንድን ነው? እቤቱ ገብቶ በሩን ከዘጋ በኋላ ሚስቱን አማከራት።

«ላሟ ወለደች ማለት ምን ይመስልሻል?»

«ላሟ ወለደች ማለት ነዋ» አለችው እናትዓለም። አምሐ ለሚስቱ የዋህነት እያዘነ ተኛ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ መሪ ጌታ አፋቸውን በከፈቱ ቁጥር ወርቁን መቆፈር ያዘ። በጣና ዳር አቋርጣለሁ ብለው ላንድሮቨሩን ደንገል ውስጥ እስከ ሆዱ ያሰመጡት ጊዜ፣ በሬ ተፈልጎ እስኪመጣ ሐይቁን አየት አደረጉና «ሐይቅ ማለት ሰነፍ ገደል ነው፤ ውኃ ሞላበትና ተኛ» አሉ። አምሐ በጭቃ እጁ ጻፈ፦ «ሰነፉ ማን ነው? ተኛ የተባለው አብዮቱ ይሆን?» ሌላ ቀን የዓባይ ድልድይ ኬላ ላይ ጠባቂው ለስንት ቀን እንደሚሄዱ ቢጠይቃቸው «እንደ ገደሉ ነዋ!» አሉት፤ ጠባቂው ሳቀና አሳለፋቸው። አምሐ አልሳቀም። የኬላ ጠባቂ የሚስቅለት ሰው ከጀርባው አንድ ነገር አለ።

ይህን ያሰበው እሱ ብቻ አልነበረም። ግንቦት ላይ የመሥሪያ ቤቱ ካድሬ ጓድ አዘዘ አምሐን ቢሮው ጠራው።

«ጓድ አምሐ፣ የዚህ ሰውዬ የሁለት ቀን ጉዞ አራት ቀን የሚፈጀው ለምንድን ነው? ማን ዘንድ ነው የሚያመሸው? ሰኞ አንበሳሜ ትሄዳላችሁ አይደል? ዓይንህን ክፈት። ቅዳሜ ሪፖርት እፈልጋለሁ።»

አምሐ ነገሩ ገብቶታል። ሪፖርቱ ውስጥ የሆነ ነገር ካለ አንድ ሰው ይታሰራል፤ ሪፖርቱ ባዶ ከሆነ ደግሞ ሁለት።

ሰኞ ሄዱ። ማክሰኞ ከአንበሳሜ ወደ ዓባይ በኩል የሚወርደውን የአህያ መንገድ ይዘው አመሻሽ ላይ አንድ አፋፍ ደረሱ። አገሩ እዚያ ላይ በድንገት ያልቃል። ከሥር የዓባይ በረሃ ነው፤ ቋጥኙ እርከን በእርከን እየቀላ ወርዶ ወርዶ፣ ወንዙ ከታች ክር ያህል ይታያል። ትኩስ ነፋስ ከታች ሽቅብ ይነፍሳል። መሪ ጌታ ኮፍያቸውን አወለቁ፣ «ጳጳሱ!» አሉ፣ ከዚያም ድንኳናቸውን መትከል ጀመሩ። የመጨረሻውን ካስማ ሳይመቱ አንድ ወይዘሮ ዱላ ይዘው ቁልቁል መጡ። ወይዘሮ አገርነሽ የሚባሉ፣ ቤታቸው ከዚያ አፋፍ በላይ ያለ ናቸው።

«አንተ ሣህሉ! ሰው የሌለበት አገር መሰለህ? ቤት ቆሞ ሜዳ ላይ ሸራ? ምን በደልሁህ?»

«እመት አገርነሽ፣ ለዛሬ ብቻ ይተዉኝ። ከገደሉ ጋር ልደር ብዬ ነው።»

«ባለፈውም እንዲህ ብለህ አገሬው ስንት አለኝ! ‹አገርነሽ እንግዳ ደጅ አሳደረች› ተብዬ ልኑር? ንቀል!»

ድንኳኑ ተነቀለ። መሪ ጌታ አሥራ ሁለት ዓመት ያንን ሸራ ሲሸከሙ አንድ ሌሊት እንኳ አድረውበት እንደማያውቁ አምሐ የተረዳው ያን ጊዜ ነው፤ ለካ በየአፋፉ አንዲት አገርነሽ አለች። ሌላ ሰው ቢሆን በሳቀ። አምሐ ግን እቤታቸው የቀረበለትን እርጎ እየጠጣ አሰላ፦ በየገደሉ ቤት፣ በየቤቱ የተነጠፈ መኝታ፣ ስም ሳይጠየቁ መግባት። እሱ በሚያውቀው ቋንቋ ይህ ሕዋስ ይባላል።

ንጋት ላይ መሪ ጌታ ከጋቢያቸው ሥር አንድ ጥቅልል ነገር ይዘው ቀስ ብለው ወጡ። አምሐ ጫማውን በእጁ ይዞ ተከተላቸው። አፋፉ ላይ ከአንድ ቁልቋል ጀርባ ተደበቀ። ሰውየው ቋጥኝ ላይ ተቀመጡ፤ ጥቅልሉን ፈቱ፤ ቆሎ ነው። እግራቸውን ወደ በረሃው አንጠልጥለው እያፈሱ ይቆረጥማሉ። አምሐ የሚመጣውን ሰው ጠበቀ። ማንም አልመጣም። ምልክት የሰጠ የለም፤ ያፏጨ የለም። ግማሽ ሰዓት ሙሉ ምንም የማይሠራ ሰው! በዚያ ዘመን ከዚህ የባሰ የሚያስጠረጥር ነገር አልነበረም።

«ጤዛ ላይ ምን ያቆምሃል» አሉ መሪ ጌታ ፊታቸውን ሳያዞሩ። «ና ቁጭ በል።»

አምሐ አፍሮ ሄዶ ተቀመጠ። ቆሎ ሰጡት።

«ጋሽ ሣህሉ፣ እውነቱን ይንገሩኝ። እዚህ ምን ይሠራሉ?»

«ምንም።»

«ማንን ይጠብቃሉ?»

«ማንንም። ከተማ ላይ ሰው ሁሉ እኔን ያየኛል። እዚህ ስመጣ ደግሞ እኔ አያለሁ።»

ፀሐይ ወጣች፤ ማዶ ያለው ግድግዳ ከጫፉ ጀምሮ እየቀላ ብርሃኑ ወደ ታች ወረደ። አምሐ ቆሎውን ሲቆረጥም ቆይቶ፣ ለስንት ጊዜ ወደ ኋላው እንዳልዞረ ሲያስብ ደነገጠ። ቢሆንም ልማድ ነውና፣ መኪናው ውስጥ እንደገባ «ሰው ሁሉ ያየኛል» አሉ ብሎ ጻፈ።

ቅዳሜ ጠዋት ጓድ አዘዘ ሪፖርቱን አልጠየቀውም። ጠረጴዛው ላይ የላንድሮቨሩ የጉዞ መዝገብ ተዘርግቷል፤ የካድሬው ፊት አመድ መስሏል።

«ይህን አንብብ» አለው፣ ‹የዘገየበት ምክንያት› በሚለው ሥር ጣቱን አሳርፎ።

በመሪ ጌታ ድንቅ ቁም ጽሕፈት እንዲህ ይላል፦

«ሰኞ። አንበሳሜ ሳንደርስ ሁለት ሰዓት ቆምን። ምክንያት፦ ገደሉ።

ማክሰኞ። ዛሬም ገደሉ። የዛሬው ከትናንቱ ይበልጣል።

ረቡዕ። ጠዋት በፀሐይ ገደሉ። አቶ አምሐ አብረውኝ ነበሩ፤ አይተዋል።»

«ማን ነው የገደለው?» አለ አዘዘ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ስንት ሰው ነው የሞተው? አንተስ ቆመህ አይተህ እስከ ዛሬ ዝም?»

አምሐ መጀመሪያ አልገባውም። ሲገባው ሳቁን በሳል ሸፈነው። እሱ ስምንት ወር ሙሉ ቆፍሮ ያጣውን ወርቅ ካድሬው በአንዲት ፊደል ውስጥ አገኘው።

«ጓድ፣ ይቺ ‹ደ› አትጠብቅም። ላልታ ነው የምትነበበው። ገደል። አፋፍ። ገደሉ።»

«ላልታ?»

«ላልታ።»

«እኔ ጠብቃ ነው የታየችኝ።»

አይፈረድበትም፤ በዚያ ዘመን ያችን ቃል አላልቶ የሚያነብ ሰው ማግኘት ከባድ ነበር።

አዘዘ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ። «እሺ ትላላ። አንድ ሾፌር የመንግሥት ቤንዚን በኩፖን እየተሰፈረለት ገደል ሲያይ ይውላል ነው የምትለኝ? ይህን ማን ያምናል? አንተ ራስህ ታምናለህ?»

ማስታወሻው በደረት ኪሱ ውስጥ ነው። ላሟ አለች፣ ሐይቁ አለ፣ የኬላው ሳቅ አለ፣ ሹክሹክታው፣ ቤቶቹ። አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ቢያኖረው እሱ ነፃ ነው፤ ማታ እናትዓለም ዘንድ ይገባል። ሰውየውን ግን ከመኪናቸው አውርደው ይወስዷቸዋል። ያምናል? እንጃ። ማንን አምኖ ያውቃል? ግን ደግሞ ወደዚህ አገር በመጣ በስምንት ወር ውስጥ፣ ምንም ሳይፈልግበት «ና እይ» ያለው ሰው እሳቸው ብቻ ናቸው። አምሐ መሪ ጌታን ወዷቸዋል። ይህን ያወቀው ገና አሁን ነው፤ ጊዜው ግን ክፉ ነበር።

«አምናለሁ» አለ።

«በፊርማህ?»

ጻፈ፦ «በመዝገቡ ላይ ያለችው ‹ደ› በሦስቱም ቦታ ላልታ የምትነበብ መሆኗን አረጋግጣለሁ።» አምሐ ስንት አውራጃ ሰብል ገምቶ ፈርሟል፤ ለአንዲት ፊደል ሲፈርም ግን የመጀመሪያው ነው። አዘዘ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበና ማኅተም መታበት።

«እንግዲህ ዋሱ አንተ ነህ። ከዛሬ ጀምሮ ይህ ሰው ያለ አንተ ከከተማ አይወጣም። አንድ ነገር ቢገኝበት ሁለታችሁም ናችሁ።»

መሪ ጌታን ግቢው ውስጥ መኪና ሲያጥቡ አገኛቸውና ሁሉንም ነገራቸው። ጨርቁን እንደያዙ ሰሙት። ከዚያ እጃቸውን በኮታቸው አድርቀው የአምሐን እጅ ያዙ፤ ቶሎም አልለቀቁትም።

«ሦስት ቦታ ብለህ ፈረምህ?» አሉ በመጨረሻ። «አምስት ናት እኮ። የመራዊዋንና የሚያዝያዋን ረሳሃቸው።»

አምሐ እቤቱ ሲደርስ ማስታወሻውን ከሰል ምድጃው ውስጥ ጨመረው። ከዚያ ተቀመጠና ለእናትዓለም ምሬቱን ዘረገፈው፦ ሳይሰርቅ ዋስ መሆኑን፣ ዕድሜ ልኩን በፍየል መንገድ ወገቡ ሊቀነጠስ መሆኑን፣ የአቧራውን፣ የቁንጫውን፣ በሰው ኃጢአት ገደል ለገደል መንከራተቱን፣ እኚህ ሰውዬ ሲያዩዋቸውም ጤነኛ አለመሆናቸውን። እናትዓለም ክፍሉን እየጠረገች እስኪጨርስ ሰማችው።

«መቼ ነው ደግሞ የምትወጡት?» አለችው።

«ሐሙስ።»

«ዛሬ ቅዳሜ አይደለም እንዴ? ታዲያ ብርድ ልብሱን አሁን ለምን ትጠቀልለዋለህ?»

አምሐ ጎንበስ ብሎ አየ። ብርድ ልብሱ በገመድ ታስሮ አልቆ ነበር።