ክቡር ጄኔራል ማንያዘዋልና የጀርመን ታንኮቻቸው

እያንዳንዱ ሰፈር ጦር ሜዳ ያልረገጠ አንድ የጦርነት ሊቅ አለው። የሌለው ሰፈር ካለ ንገሩኝና ነገውኑ ዕቃዬን ጠቅልዬ እገባለሁ። የእኛ ሰፈር፣ የፀዳ፣ ሊቅ አያ ማንያዘዋል ናቸው፤ እኔ በልቤ ክቡር ጄኔራል እላቸዋለሁ። ሠላሳ ዓመት የመድኃኒት መጋዘን ሲጠብቁ ኖረው ጡረታ ወጡ። ጠመንጃ ተኩሰው አያውቁም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ስለነበረው የጀርመን ብረት ለበስ ክፍለ ጦር ግን የማያውቁት ብሎን የለም።

ባጃጅ ውስጥ ጤና ይስጥልኝ ያላቸው ሰው አዘዞ ሳይደርስ ሬጅመንቶቹን ተምሮ ይወርዳል። "ሰው ሁሉ ታንክ ታንክ ይላል" ብለው ይጀምራሉ፣ ጣታቸውን ቀስረው። "ክፍለ ጦር ግን ታንክ ብቻ አይደለም! አንድ የታንክ ሬጅመንት፣ ሁለት የእግረኛ፣ አንድ የመድፍ። ቃኚው አለ፣ መሐንዲሱ አለ፣ ጠጋኙ አለ፤ ዳቦ የሚጋግር የሻምበል ጦር ሳይቀር!"

አምና ክረምት ለወንድሜ ለኢዮስያስ ሚስት ልንጠይቅ ኮላ ድባ ልንሄድ ስንል አባቴ "ያለ ማንያዘዋል ንቅንቅ አልልም" ብሎ ድርቅ አለ። በዚህ ዓለም ላይ ጄኔራሉን ወዶ የሚያዳምጥ እሱ ብቻ ነበር። ማዳመጡስ ይሁን፤ ጥያቄም ይጨምርበታል። "ምነው ማንያዘዋል፣ ለዚህ ሁሉ ማኪና ነዳጁን ማን ያመጣለታል?" ሲል እኔ ጥርሴን አፋጫለሁ። ሌላ ሁለት ሰዓት ማለት ነዋ!

ከከተማው ሳንደርስ መኪናችን ጥቁሩ ጭቃ ውስጥ ተቀረቀረ። እኛ ጋቢያችንን ሰብስበን ስንገፋ ጄኔራሉ መንገድ ዳር ቆመው፣ ፓንተር የተባለው ታንክ ሰንሰለቱ ሰፊ ስለሆነ ጭቃ ላይ ማርክ አራት ከሚባለው ታንክ እንደሚሻል ያስረዳሉ።

"አያ፣ ይግፉ እንጂ!" አልኳቸው።

"እየመራሁ እኮ ነው" አሉኝ።

ጭቃ በጭቃ ሆነን ስንገባ የልጅቱ አባት አቶ ምስጋናው "ልጁ ሥራው ምንድን ነው?" ብለው ጠየቁ። ኢዮስያስ መካኒክ ነው። አንድ ቃል ይበቃ ነበር። ጄኔራሉ ግን ብድግ ብለው፣ አሥራ አራት ሺህ ሰው ያለው ክፍለ ጦር ጠጋኝ ከሌለው በሳምንቱ መንገድ ላይ ቆሞ እንደሚቀር ማብራራት ጀመሩ። አቶ ምስጋናው ቢጠብቁ፣ ቢጠብቁ፣ በመጨረሻ "ልጅቷን ሰጥቻለሁ፤ ብቻ እኚህ ሰው ይቀመጡልኝ!" አሉ። አባቴ ፀዳ እስክንገባ ድረስ ሲስቅ መጣ።

ባለፈው ኅዳር አባቴ ሞተ። አልታመመም፤ ጠዋት ፊቱን ሊታጠብ ወጥቶ በዚያው ወደቀ።

ድንኳን ተተከለ። ጄኔራሉ መጥተው ጥግ ላይ ሲቀመጡ፣ ለቅሶተኛውን ሊፈጁት ነው ብዬ ፈራሁ። እሳቸው ግን "እግዚአብሔር ያጽናችሁ" ከማለት በቀር ቃል አልተነፈሱም። በማግሥቱም እንዲሁ። አንድ ሰው ስለ ጦርነት ቢያነሣ እንኳ መሬት መሬት ያያሉ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ ዝምታቸው ግን ከለቅሶው ይልቅ ከበደኝ። እናቴም ከቀብሩ ወዲህ ዓይኗን አልከደነችም።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት አጠገባቸው ሄጄ ተቀመጥኩ።

"አያ፣ ድልድይ ቢፈርስባቸው ያ ሁሉ ታንክ ወንዙን እንዴት ይሻገራል?"

ቀና ብለው አዩኝ። ዓይናቸው ቀልቷል። "የምርህን ነው?"

"የምሬን ነው።"

"አባትህ ይህን አልጠየቀኝም ነበር" አሉ። "ይደርስበት ነበር እኮ፤ ጊዜ አጥቶ ነው።"

ከዚያ ስለ መሐንዲሶቹ፣ ስለ ጀልባዎቹ፣ በጀልባዎቹ ላይ ስለሚነጠፈው ሳንቃ ቀጠሉ። ድንኳኑ አጉረመረመ። አክስቴ ይርገዱ "አሁን ይህ የለቅሶ ቤት ወግ ነው?" ልትል አፏን ስትከፍት እናቴን አየችና ተወችው። እናቴ ምሰሶውን ተደግፋ እንቅልፍ ወስዷታል። ስንት ዓመት ሙሉ ከአባቴ ጎን ተቀምጣ ይህንኑ ድምፅ እየሰማች ስታንቀላፋ ነው የኖረችው።

ጄኔራሉም አዩአት። "ልተወው?" አሉኝ በሹክሹክታ።

"አይተዉት አያ። ታንኮቹ ገና አልተሻገሩም።"

ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ አንድ በአንድ አሻገሯቸው።